ከሟቹ ወደ ሕያዋኑ፤ በዘር ስለሚወረስ የልብ ምት መዛባትና ስለ ድንገተኛ ሞት




የላይፕዚጉ ሐኪም ፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ማይስነር በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት መስማት የተሳናት ልጃገረድ ታሪክ ይገኛል። ልጅቱ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተቋቋመ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። አንድ ቀን ስለ ፈጸመችው ቀላል ጥፋት በጓደኞቿ ፊት ልትገሠጽ ወደ ርእሰ መምህሩ ተጠራች። በዚያው በቆመችበትም ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ዳግመኛም አልተነሣችም። መርዶው ለወላጆቿ በተነገረ ጊዜ ግን እንደ ታሰበው አልተደነቁም። ከእርሷ በፊት አንዱ ልጃቸው ከብርቱ ድንጋጤ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ከብርቱ ቁጣ በኋላ፣ እንዲሁ በድንገት መሞታቸውን ገለጹ።

ይህች ልጅ በሞተችበት ዘመን የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አልነበረም፤ በመሣሪያው የታወቀው የሆላንዱ ሊቅ ቪለም አይንትሆቨን እንኳ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ማይስነር የሞቷን ምክንያት ለማወቅ አይችልም ነበር። ነገር ግን አንድ ዋና ነገር መዝግቦ አለፈ፤ ይኸውም ሞቱ በልጅቱ የጀመረ አለመሆኑን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሕክምና ሊቃውንት የሕመሙን ምሥጢር ሲደርሱበትም መንገዱን የከፈተላቸው እንዲህ ያለው የቤተሰብ ታሪክ ነበር።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዘር የሚወረስ የልብ ምት መዛባት በሟቹ አካል ላይ ምልክት ትቶ አያልፍም፤ ምልክቱ የሚገኘው በሕያዋን ዘመዶቹ ዘንድ ነው። ስለሆነም አንድ ወጣት ያለ ታወቀ ሕመም በድንገት ቢሞት ወይም ደጋግሞ ራሱን ቢስት፣ የሐኪሙ በሽተኛ እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

አስከሬን የማይመሰክርለት ሞት

ድንገተኛ የልብ ሞት የሚባለው፣ ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ባብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕይወትን የሚያሳልፍ፣ ከልብ የመነጨ ሞት ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ መነሻው ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበብ ነው። በወጣቶች ላይ ሲደርስ ግን ምክንያቱ ብዙ ዐይነት ነው። በኢትዮጵያና በመሰል አገሮች የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይቀጥፋል፤ የልብ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈርም እንዲሁ። እነዚህ ሕመሞች በልብ ላይ የሚታይ ጠባሳ፣ ጥበት ወይም ውፍረት ስለሚተዉ በሕይወት ሳሉ በማዳመጫና በአልትራሳውንድ፣ ከሞት በኋላም በአስከሬን ምርመራ ሊታወቁ ይችላሉ።

ከእነዚህ የተለየ ሌላ ወገን አለ። በዚህ ወገን የልቡ ክብደት ትክክል ነው፤ በሮቹ ጤነኞች ናቸው፤ የደም ሥሮቹ ክፍት ናቸው፤ ጡንቻውም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነቀፋ አይገኝበትም። ጉድለቱ ያለው በልቡ ቅርጽ ሳይሆን ልቡን በሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሥርዓት ነው። ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሰውየው ጋር አብሮ ይጠፋል። መርማሪው አስከሬኑን ከፍቶ የሚያገኘው ጤነኛ ልብ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ሟች በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ የአስከሬን ምርመራም የሚደረገው ባብዛኛው ወንጀል ሲጠረጠር ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ግን ስም ሳይወጣለት አይቀርም። «ሳይታመም ሞተ»፣ «ምች መታው»፣ «ቡዳ በላው» ይባላል። ይህ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ ጠባይ አይደለም። ፊሊፒናውያን ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ በእንቅልፉ ላይ ሲሞት ባንጉንጉት፣ የታይላንድ ሰዎችም ላይ ታይ የሚል ስም ነበራቸው። ሳይንስ በኋላ ሲደርስበት ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ፔድሮና ጆሴፕ ብሩጋዳ በ1992 በ8 በሽተኞች ላይ ከገለጹት በዘር የሚወረስ የልብ ምት መዛባት ጋር የሚዛመዱ ሆነው ተገኝተዋል። ሕዝቡ ስም ያወጣው ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ነው፤ የጎደለው ምክንያቱ ነበር።

የኖርዌዩ ቤተሰብ

የምክንያቱ ፍለጋ በሚገባ የተጀመረው በኖርዌይ ነው። በ1957 ሐኪሞቹ አንቶን የርቬልና ፍሬድ ላንገ ኒልሰን ስለ አንድ ቤተሰብ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ባልና ሚስቱ የሚሰሙና ጤነኞች ሲሆኑ 6 ልጆች ወልደዋል። ከስድስቱ አራቱ ከመወለዳቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ አራቱም በየጊዜው ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በ4፣ በ5 እና በ9 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። ሐኪሞቹ የልጆቹን የልብ ኤሌክትሪክ ጽሑፍ፣ ማለት ኢ.ሲ.ጂ.፣ ሲመረምሩ ኪውቲ የተባለው ልክ እጅግ የረዘመ መሆኑን አዩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1963 ኢጣሊያዊው ሮማኖ፣ በ1964 ደግሞ አየርላንዳዊው ዋርድ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ የመስማት ጉድለት ሳይኖርባቸው ራሳቸውን የሚስቱና ኪውቲያቸው የረዘመ ልጆች መኖራቸውን አስታወቁ። በዚሁ በ1964 በብሪታንያና በአየርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች መስማት የተሳናቸውን ልጆች በኢ.ሲ.ጂ. እየመረመሩ ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውን ሌሎች ልጆች አገኙ። በዚህ ዐይነት ከአንድ ቤት የተነሣው ጥያቄ ወደ ሌሎች ቤቶች ተዛመተ። «ረዥም ኪውቲ» ተብሎ የሚጠራው ሕመምም በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ቦታውን ያዘ።

በአንዲት የልብ ምት ውስጥ

ልብ በመታች ቁጥር እያንዳንዱ የልብ ሕዋስ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ሲገቡ ሕዋሱ ይነቃል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። ቀጥሎ ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ሕዋሱ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ለሚቀጥለውም ምት ይዘጋጃል። እነዚህ ማዕድናት የሚገቡባቸውና የሚወጡባቸው በሮች በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። በኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ላይ ከኪው መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ርዝመት፣ የልብ ታችኞቹ ክፍሎች ነቅተው እስኪያርፉ የሚፈጀውን ጊዜ ያሳያል።

የፖታሲየሙ በር በሚገባ ካልተከፈተ፣ ወይም የሶዲየሙ በር በጊዜው ካልተዘጋ፣ ዕረፍቱ ይዘገያል። አንዱ የልብ ወገን ሲያርፍ ሌላው ገና ሳያርፍ ይቆያል። በዚህ ጊዜ አዲስ ምት ያለ ጊዜው ቢመጣ ያረፈውንና ያላረፈውን ጡንቻ እየተሽከረከረ ያምሰዋል። ፈረንሳዊው ደሰርተን በ1966 ይህን ሁኔታ ሲገልጽ በወረቀቱ ላይ የሚታዩት ጫፎች እንደ ተጠማዘዘ ጥብጣብ ስለሆኑበት «ቶርሳድ ደ ፗንት» የሚል ስም ሰጠው። ልብ በዚህ ጊዜ ይርገፈገፋል እንጂ ደም አይረጭም። ምቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በራሱ ከተስተካከለ ሰውየው ራሱን ስቶ ይነሣል፤ ካልተስተካከለ ግን አይነሣም። ስለዚህ የዚህ በሽተኛ ራስን መሳትና ድንገተኛ ሞት ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ፍጻሜዎች ናቸው። ደኅና ሆኖ የተነሣውን ልጅ «አሁንማ ተሽሎታል» ብሎ መስደድ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኪውቲን መለካት ለማንም የሕክምና ባለሙያ የሚቻል ሥራ ነው። ልብ ስትፈጥን ኪውቲ ስለሚያጥር፣ ስትዘገይም ስለሚረዝም፣ በልብ ምት ፍጥነት ማረም ያስፈልጋል። ባዜት በ1920 ያወጣው ስሌት ኪውቲን፣ በሁለት ምቶች መካከል ላለው ጊዜ ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ኪውቲው 450 ሚሊሰከንድ፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜም 0.81 ሰከንድ ቢሆን፣ የ0.81 ስኩዌር ሩት 0.9 ስለሆነ የታረመው ኪውቲ 500 ይሆናል። በወንዶች ከ450፣ በሴቶች ከ460 በላይ ሲሆን ረዥም መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ 500ና ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው ከፍ ያለ ነው። ስሌቱ ልብ በጣም ስትፈጥን ልኩን አብዝቶ፣ በጣም ስትዘገይ ደግሞ አሳንሶ ያሳያል። ዘመናዊ መሣሪያዎች ቁጥሩን በራሳቸው ጽፈው ቢያወጡም ይሳሳታሉና በእጅ መለካት አይተውም።

ጂኖቹና ሕመሙን የሚቀሰቅሱት ነገሮች

በዩታ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ማርክ ኪቲንግና ባልደረቦቹ በ1991 የሕመሙን አንድ መነሻ በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ አመለከቱ። በ1995ና በ1996 ሦስቱ ዋና ዋና ጂኖች ታወቁ፤ ሁለቱ የፖታሲየምን፣ አንዱ የሶዲየምን በር የሚሠሩ ናቸው። ከዚያም ወዲህ ሕመሙ አንድ ሳይሆን ብዙ መሆኑ ተገለጠ፤ አደጋው የሚመጣበትም ሁኔታ እንደየዐይነቱ ይለያያል።

በ2001 በ670 በሽተኞች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በመጀመሪያው ዐይነት ሕመም ከደረሱት አደጋዎች 62 በመቶው በሩጫና በመሳሰለው ድካም ጊዜ የደረሱ ናቸው፤ በተለይም ዋና አደገኛ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለተኛው ዐይነት 43 በመቶው ከድንጋጤና ከስሜት መናወጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ በድንገት የሚጮህ ደወል ወይም ስልክ እንኳ ይበቃል። እናቶች ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የበለጠ የሚያሠጋቸውም ይኸው ዐይነት ነው። በሦስተኛው ዐይነት ደግሞ 39 በመቶው አደጋ የደረሰው በዕረፍት ወይም በእንቅልፍ ላይ ነው።

ከረዥም ኪውቲ ሌላ፣ ልጆችን በሩጫና በድንጋጤ ጊዜ የሚጥል፣ በዕረፍት ጊዜ ግን ኢ.ሲ.ጂ.ው ፍጹም ጤነኛ የሚመስል የልብ ምት መዛባት አለ። ጉድለቱ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የካልሲየም እንቅስቃሴ የሚነካ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ጂኖች የታወቁት በ2001 ነው። ይህን ለማግኘት በሽተኛውን በጥንቃቄ እያራመዱ ወይም እያስሮጡ ኢ.ሲ.ጂ. ማንሣት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሩጫ መካከል የወደቀ ልጅ ተኝቶ ሳለ የተነሣው ኢ.ሲ.ጂ. ደኅና በመሆኑ ብቻ ከሕመሙ ነጻ ነው አይባልም።

ረዥም ኪውቲ ምን ያህል ይገኛል ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ የተገኘው በኢጣሊያ ነው። በ2009 በወጣ ጥናት 44,596 ሕፃናት በኢ.ሲ.ጂ. ተመርምረው ከ2,000 ሕፃናት አንዱ ያህል ሕመሙ እንዳለበት ተገምቷል። ለአንድ ቤተሰብ እንግዳ የሆነ ነገር ለአንድ ሆስፒታል እንግዳ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሰባት ቤት መቁጠር

የእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረሱም ይበቃሉ። ጉድለቱ ያለበት አባት ወይም እናት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወርስበት ዕድል ከሁለት አንድ ነው። የኖርዌዮቹ ልጆች ሕመም ግን የተለየ ነው፤ መስማትንም ልብንም የሚነካው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም በተወረሰ ጊዜ ነው። ያው የፖታሲየም በር በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ለሚገኘው ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ልጁ አይሰማም፤ ልቡም እጅግ ይጎዳል።

በክርስቲያኑ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከሁለት ወገን የሚወረሰውን ሕመም እንደሚቀንስ አያጠራጥርም። በእስራኤል ሰሜን በሚኖሩ ዘመድ ከዘመድ በሚጋቡ የቤዱዊን ቤተሰቦች ላይ ከላይ የተጠቀሰው የካልሲየም ጉድለት ከሁለት ወገን እየተወረሰ ብዙ ልጆችን መጉዳቱ በ2001 ታውቋል። ከአንድ ወላጅ የሚወረሰውን ሕመም ግን ሰባት ቤት መቁጠር አያግደውም። ጉድለቱ ባዕድ በተባለው ሙሽራ ወይም ሙሽሪት በኩልም ሊገባ ይችላልና።

ነገር ግን ለጋብቻ የሚቆጠረው ዘር ለሕክምናም ሊቆጠር ይችላል። የ1975ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ከመውጣቱ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቆጥሮ ያስረዳ ነበር። ይህ አቆጣጠር በሁለቱም ወገን የሚሄድ ስለሆነ ዛሬ አንድ ሐኪም ሊጽፈው ከሚፈልገው የቤተሰብ ሐረግ ጋር በአሠራሩ አንድ ነው። ርስቱ ቢቀርም ዕውቀቱ በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ዘንድ ገና አልጠፋም። ስለዚህ ውድ ከሆነው የጂን ምርመራ በፊት ሊሠራበት የሚችል መሣሪያ በየቤቱ አለ ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ደቡብ አፍሪካ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያች አገር ዝምድናቸውን የማያውቁ 22 ቤተሰቦች አንድ ዐይነት የረዥም ኪውቲ ጉድለት ተገኘባቸው። የዘር ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር በ18ኛው መቶ ዓመት በኬፕ ታውን ከተጋቡ ከአንድ ባልና ሚስት ላይ ደረሰ። በ2005 የወጣው ጥናት ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል ጉድለቱን የተሸከሙ 166 ሰዎችን ዘርዝሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሲወድቁ ሌሎቹ አንድም ቀን ሳይታመሙ ኖረዋል። ጉድለቱ አንዱን ገድሎ ወንድሙን ሳይነካ እስከ ሽምግልና ሊያቆየው ይችላል፤ ያ ደኅና የመሰለው ወንድም ግን ለልጁ ያወርሳል። ስለዚህ «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለው መልስ መደመጥ ይገባዋል እንጂ ለማስረጃ አይበቃም።

በሚጥል በሽታ ስም

ደም ለጥቂት ሰከንዶች ወደ አንጎል ሳይደርስ ሲቀር ሰው ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙ የልብ ምት በሽተኞች የሚጥል በሽታ አለባቸው ተብለው ለዓመታት መድኃኒት ሲወስዱ ይቆያሉ። ይህ ስሕተት በሠለጠኑትም አገሮች የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታ ቀላል ቁጥር የለውም፤ በ1990 ታትሞ የወጣው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2ቱ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በእውነት የአንጎል ሕመም ያለባቸው ናቸው። ሆኖም በመካከላቸው ልቡ የሚቆም አንድ ልጅ ቢኖር ፌኖባርቢታል አያድነውም።

ሁለቱን ለመለየት ምስክሩን መጠየቅ ይረዳል። በሚጥል በሽታ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ምላሱን ይነክሳል፤ ከነቃም በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ይደናገራል፣ እንቅልፍም ይጫነዋል። ከልብ በመነጨ ምክንያት የወደቀው ግን በድንገት ይገረጣል፤ ጊዜውም አጭር ነው፤ ሲነቃም ቶሎ ወደ ራሱ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የሚያመለክተው የወደቀበት ሁኔታ ነው። በሩጫ ውድድር መካከል፣ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ፣ ደወል ሲደወል፣ ሲገሠጽ ወይም ሲደነግጥ የሚወድቅ ልጅ ኢ.ሲ.ጂ. ሳይነሣ «የሚጥል በሽታ» የሚለው ስም ሊጻፍበት አይገባም። መስማት ተስኖት የተወለደና ራሱን የሚስት ልጅም እንዲሁ።

ሕክምናው

የዚህ ምርመራ ዋጋ የሚገለጠው ሕክምና ያለው በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና የአድሬናሊንን ኃይል የሚገቱት ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ለረዥም ኪውቲ ፕሮፕራኖሎልና ናዶሎል ይመረጣሉ። ፕሮፕራኖሎል አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። መድኃኒቱ በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ በድንገት ሲቋረጥ አደጋው ይበረታል። አንድ ቤተሰብ ልጁን ወደ ጠበል ሊወስድ ቢፈልግ ሐኪሙ ከእምነቱ ጋር መከራከር አይገባውም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም ብቻውን ውኃ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቆ ቢለምን ይበልጣል።

ሁለተኛው ሕክምና ኪውቲን ከሚያስረዝሙ ነገሮች መራቅ ነው። ኪኒን፣ ክሎሮኪን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ሃሎፔሪዶል እንዲሁም መድኃኒት ለተላመደው የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ቤዳኩዊሊን በዕለት ተዕለት ሥራ የሚታዘዙ ናቸው። ብርቱ ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየምን አሳንሶ አደጋን ይጋብዛል። ስለሆነም የበሽተኛው ካርድ ላይ ሕመሙ በጉልህ ሊጻፍ ይገባል።

መድኃኒት ላልበቃቸው በግራ በኩል ወደ ልብ የሚሄዱትን የሲምፓተቲክ ነርቮች የመቁረጥ ቀዶ ሕክምና አለ። ከዚህም ሌላ በደረት ውስጥ ተቀብሮ የልብን መርገፍገፍ በኤሌክትሪክ የሚያቆመው ዲፊብሪሌተር አለ። የዚህ መሣሪያ ፈልሳፊ ሚሼል ሚሮውስኪ ነገሩን ማሰብ የጀመረው የሥራ አለቃውና መምህሩ የነበረው ሐኪም በ1966 በልብ ምት መዛባት ከሞተበት በኋላ ነው። መሣሪያው በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ውድ መሣሪያ በመሆኑ ለሁሉ አይደርስም። ነገር ግን አንድ የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት፣ አንድ ማስመሪያና ርካሽ ክኒን የሚያድኗቸው ብዙዎች ናቸው።

በለቅሶ ቤት

ዘር መቁጠር ያለበት መቼ ነው? ሐዘን በደረሰ ጊዜ ቤተ ዘመዱ ከየአገሩ ተጠራርቶ ይሰበሰባል፤ በሌላ ጊዜ በአንድ ላይ የማይገኙት አያት፣ አክስት፣ አጎትና የአጎት ልጆች በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ በለቅሶ መካከል ወረቀት አውጥቶ መጠየቅ ነውር ነው። ለባለሙያ የሚገባው መጀመሪያ ሐዘንተኛውን ማጽናናት፣ ከዚያም ቤተሰቡ በሚያከብረው አንድ ሽማግሌ በኩል፣ ከሰልስት ወዲያ በተመቸ ቀን እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው። በዘሩ ውስጥ ከ40 ዓመቱ በፊት በድንገት የሞተ፣ በእንቅልፉ የቀረ፣ መዋኘት እየቻለ ውኃ የወሰደው፣ ወይም በሕፃንነቱ ያለ ሕመም የሞተ አለን? ሲሮጥ፣ ሲደነግጥ ወይም ድምፅ ሲሰማ የሚወድቅ አለን? መስማት ተስኖት የተወለደ አለን? መልሱ ከተጠረጠረ በመጀመሪያ የሟቹ እናትና አባት፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆቹም ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣሉ። ምልክት በተገኘበት ሰው በኩል ደግሞ ወደ እርሱ ቅርንጫፍ ይታለፋል። ምልክቱ ከማይገኝባቸው መካከልም ጉድለቱን የተሸከሙ አይጠፉም፤ ረዥም ኪውቲን ከተሸከሙት ከአራቱ አንዱ ያህል በዕረፍት ጊዜ ኪውቲው ትክክል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቆይቶ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ኃላፊነት አለ። ሕመም በዘር አለ የሚለው ወሬ በሰፈር ከተሰማ የአንዲት ልጃገረድ ትዳር ሊፈርስ፣ የአንድ ወጣት እንጀራ ሊቋረጥ ይችላል። የቤተሰቡ ምሥጢር በካርድ ክፍልና በመተላለፊያ ላይ መዝራት የለበትም። ያለ በቂ ማስረጃም ጤነኛውን ልጅ «ልበ ደካማ» ብሎ ከጨዋታ መለየት ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። እናትም ጉድለቱ በእርስዋ በኩል መምጣቱ ሲነገራት እንደ ጥፋት እንዳትቆጥረው ሊገለጽላት ይገባል። ማንም ሰው ለልጁ የሚያወርሰውን መርጦ አላወረሰምና።

ወደ ላይፕዚግዋ ልጃገረድ ለመመለስ፣ ወላጆቿ ልጆቻቸው ደንግጠውና ተቆጥተው እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ያን ዕውቀት ሊሠራበት የሚችል ሐኪም ግን በዘመኑ አልነበረም፤ በመሆኑም የሚወቀስ የለም። ዛሬ መሣሪያው አለ፤ መድኃኒቱ አለ፤ ዘር የሚቆጥሩትም ሽማግሎች በየቤቱ አሉ። ከዛሬ ወዲያ ወላጆች ያወቁትን ሐኪም ሳይጠይቅ ቀርቶ ሁለተኛው ልጅ ቢቀበር ምክንያቱ ጥያቄው አለመጠየቁ ይሆናል።